የዓይን አራስ

አንድ ሰው ነበረ፤ ደጁን ሰው በረገጠ ቁጥር ብድግ ሳይል የማይቀበል።

ነገሩን እንዲህ ብለው የጀመሩት ሲስተር ይመናሹ ናቸው፤ በዓይን ሕክምና ክፍል ሲያገለግሉ ፀጉራቸው የሸበተ ነርስ። የጀመሩትም አንድ ነጋዴ ስለ ጠየቃቸው ነው። የነጋዴው አባት የዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸው በዚያ ጠዋት ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነበር። ሲስተር ይመናሹ ወንበር ስበው «ተቀመጥ፣ የቤቱን አያያዝ ላሳይህ» ቢሉት፣ ነጋዴው ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ሲስተር፣ የታመሙት አባቴ ናቸው፤ ያከማችኋቸውም እናንተ ናችሁ። ታዲያ ትምህርቱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? መድኃኒቱን ስጡኝና ልሂድ» አላቸው።

አልተቆጡትም። የጠብታውን ብልቃጥ ከመሳቢያ አወጡና በመዳፋቸው እንደ ያዙት ነገሩት።

ያ ሰው ገበሬ ነበረ፤ በአገሩም የታወቀ ሽማግሌ ነበረ። የተጣላ ያስታርቃል፣ የተቆጣ ያበርዳል። ሰውም ይህን ያህል የሚወደው ስለ ዳኝነቱ ብቻ ሳይሆን ስለ አክብሮቱ ነው። ትልቅ ቢመጣ ትንሽ፣ «ኖር!» ብሎ ይነሣል፤ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል። የጎረቤት ልጅ እሳት ልትጫር ብትመጣ እንኳ ከመደቡ ይነሣላት ነበር።

ሚስቱ፣ «ለእሳት ጫሪ የተነሣህ ሰው፣ ንጉሥ ቢመጣ ምን ልታደርግ ነው?» ትለዋለች።

«ለንጉሥማ ማን የማይነሣ አለ?» ይላታል እሱ።

ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ የሁለቱ ዓይኖቹ ብርሃን ደከመ። ሞራ ጋረዳቸው። በመጨረሻ ሰውን የሚለየው በድምፁ ብቻ ሆነ፤ መነሣቱን ግን አልተወም። አንድ ቀን በበሩ ኮቴ ሲገባ ሰምቶ ብድግ አለና «ኖር!» አለ። የገባችው ጥጃ ነበረች። ሚስቱ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ እሷ ጓዳ ገብታ ብቻዋን አለቀሰች።

ከተማ የሚኖር የበኩር ልጅ ነበራቸው። መጥቶ አባቱን ወደ ሆስፒታል ወሰደውና የቀኝ ዓይኑ ተሠራ። ሊወጡ ሲሉ ነርሷ ለልጁ ብዙ ነገር ነገረችው። ጠብታው ከመግባቱ በፊት እጅ በሳሙና እንደሚታጠብ፣ የብልቃጡ ጫፍ ዓይኑን መንካት እንደሌለበት፣ ውሃ ዓይኑ ውስጥ መግባት እንደሌለበት፣ እንባው በምን እንደሚጠረግ፣ በየትኛው ጎን እንደሚተኛ፣ ማጎንበስና ከባድ ማንሣት እንደማይገባው፣ ዓይኑ ቢቀላ ወይም ቢያመው ሳይውል ሳያድር እንዲመልሱት። ልጁ «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ ልቡ ግን ሥራው ዘንድ ሄዷል። ውሃ በእፍኙ ይዞ ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ ሰው፣ ቃሉ በየመንገዱ በጣቶቹ መካከል ሲንጠባጠብ ኖሮ፣ ቤት ሲደርስ የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

እናቱን፣ «ውሃ እንዳይነካው ብለዋል፣ እማዬ። ይችን ጠብታ በቀን አራት ጊዜ አድርጊለት» አላት። በነጋታው ወደ ከተማው ተመለሰ።

ሚስቲቱ ያችን አንድ ቃል አጥብቃ ያዘቻት። ውሃ እንዳይነካው ብላ እንስራውን ከቤት አወጣች። ጠብታውን ልታደርግለት ስትል እጇን እንኳ አልታጠበችም፤ እርጥብ እጅ ውሃ ይዞበት ይገባል ብላ ፈርታ ነው። በቀሚሷ ሙልጭ አድርጋ በደረቁ ትጠርገውና ታደርግለታለች።

ሰዉም «ዓይኑ በራለት!» ሲባል ሰማና ጎረፈ። ሰውየው ለእያንዳንዱ ተነሣ፣ ለእያንዳንዱ ጎነበሰ፣ ሁሉንም ሳመ። ዓይኑ እንባ ባቀረረ ጊዜ ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ ትጠርግለታለች። በዚያችው ጫፍ ጠዋት የልጅ ልጇን አፍንጫ ጠርጋለች፤ ትኩስ ድስት አውርዳበታለች፤ ላቧን አብሳበታለች። ይህ ትዝ አላላትም። ትዝ ያላት፣ ይህ ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ፊቷን ማየቱ ብቻ ነበር።

በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቀላ። ያመውም ጀመር። ጠያቂዎቹ «ቁስል ሊሽር ሲል እንዲህ ነው» አሏት፤ እሷም አመነች። ልጁ በስምንተኛው ቀን ሲመጣ የአባቱ ዓይን ጠፍቶ ነበር። ሐኪሞቹ ሕመሙን አስታገሡለት፤ ብርሃኑን ግን ሊመልሱለት አልቻሉም።

ማንም አልወቀሳትም። ባሏም «የእግዜር ፈቃድ ነው» አለ። እሷ ግን ያን ነጠላ ወንዝ ወርዳ አጠበችው፣ አጣጥፋ ከሣጥኑ ሥር ከተተችው። ከዚያ ወዲህ በክብረ በዓልም፣ በለቅሶም አልለበሰችውም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ዓመት አለፈ። የግራው ዓይን ቀርቶ ነበር፤ እሱም ጭራሽ ጨልሟል። ሐኪሞቹ «ይሠራል» አሉ። ከዚህ በኋላ ሌላ ዓይን የለውም። ይህም ከጠፋ፣ ሰውየው እስከ ዕለተ ሞቱ ለጥጃ ሲነሣ ይኖራል።

ልጁ አባቱን ሊወስድ ሲመጣ እናቱን ጫማዋን አድርጋ ደጅ ቆማ አገኛት።

«ወዴት ነው፣ እማዬ?»

«እኔም እሄዳለሁ።»

«እንዴ! ቤቱንስ ማን ይጠብቃል? ላሟንስ ማን ያልባል?»

«ላሟን ጎረቤት ያልባታል። አባትህን ግን ጎረቤት አያስታምምልኝም» አለችው። ድምፅዋ ከወትሮው ከፍ አላለም፤ ልጁ ግን ሁለተኛ አልተከራከራትም።

የግራው ዓይን ተሠራ። ነርሷ ሚስቲቱን ከአጠገቧ አስቀመጠቻትና፣ «እናቴ፣ ባለፈው ጊዜ ዓይናቸውን በምን ነበር የሚጠርጉላቸው?» ብላ ጠየቀቻት።

ሚስቲቱ ከትከሻዋ ያለውን ነጠላ ጫፍ በሁለት ጣቷ አነሣችና አሳየቻት። ዓመት ሙሉ ያልተናገረችውን በዚያች በጨርቅ ቁራጭ ተናገረችው።

ነርሷ «ለልጅዎ ነግሬው ነበርኮ» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። የሴትየዋን እጅ ያዘችና፣ «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ እናቴ። ለሚሸኝ ሰው ነገርን፤ ለምታስታምም ሰው ሳንነግር ቀረን» አለቻት። ሁለቱም ትንሽ አለቀሱ።

ከዚያ ነርሷ መናገሩን ትታ ማሠራት ያዘች። «ይሞክሩት፣ አሳዩኝ» ትላታለች። ሚስቲቱ እጇን በሳሙና እስከ አንጓዋ ታጠበች፤ በቀሚሷ ሳትጠርግ በነፋስ አደረቀችው። ባሏን ቀና አደረገችው፤ የታችኛውን የዓይን ሽፋን በጣቷ ዝቅ አድርጋ እንደ ትንሽ ኪስ ከፈተችው። እጇ ግን ተንቀጠቀጠና ጠብታው አፍንጫው ላይ አረፈ።

«አፍንጫዬም ሞራ አለው እንዴ?» አለ ሰውየው።

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ እጇ ጸና። በሁለተኛው ጊዜ ጠብታው ገባ። ሦስት ቀን ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር እሷው አደረገችለት፤ ነርሷ ቆማ ትመለከታለች እንጂ እጇን አታስገባም ነበር።

ሊወጡ ሲሉ ነርሷ፣ «አሁን እጅዎ ያውቃል። ቤት ሲገቡ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» አለቻት።

«ሰው» አለች ሚስቲቱ። «ሊጠይቅ የመጣን ሰው አትግባ ማለት እንዴት ይቻለኛል? ለእሱስ አትነሣ ማለት? አርባ ቀን አያጎንብስ አላችሁኝ፤ ይኸ ሰው ደግሞ ሳያጎነብስ ሰላም ማለት አያውቅም።»

ነርሷ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅና ጠብታ ሰጥታ ሸኘቻት።

ሚስቲቱ መንገዱን ሁሉ ስታስብ ሄደች። የአገራቸው ሰው ዓይንን ማስታመም አያውቅም። ቁጭ ብላ ለሁሉም ታስተምር እንዳይሆን ዓይናፋር ናት፤ ሽማግሌዎች ባሉበት ድምፅዋ አይወጣም። የአገሩ ሰው የሚያውቀው ማስታመም የቱ ነው? ይህን እያሰላሰለች ከሰፈሯ ስትደርስ ጠያቂ ከወዲሁ በዛፉ ጥላ ሥር ተሰብስቦ አየች። ባሏን ከልጇ ጋር ጎረቤት ቤት አስቀመጠችውና ወደ ቤቷ ቀደመች። ሣጥኑን ከፈተች። ያን ነጠላ ከሥር አወጣችው፤ እንደ ታጠበ፣ እንደ ነጣ ነበር። ከመደቡ ፊት ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ አስራ ዘረጋችው። ከዚያ ባሏን አምጥታ ከበስተኋላው አስተኛችው።

ጠያቂዎቹ ገብተው ይህን ሲያዩ ቆሙ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ መጋረጃ የሚዘረጋው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ይኸ? ማን ወለደ?» አለች አንዲት አሮጊት ጎረቤት።

ሚስቲቱ ፊቷ ቀላ። ዐሥራ አምስት ያህል ሰው ዓይን ዓይኗን ያያታል። አንገቷን ደፍታ፣ «ዓይኑ ነው» አለች። «ዓይኑ አራስ ነው።»

ከመጋረጃው ኋላ የመደቡ ቁርበት ሲንቋቋ ተሰማ፤ ሰውየው ሰው መምጣቱን ሰምቶ ሊነሣ ነው።

«በስተርጅናዬ አራስ አደረግሽኝ? ሰው ቆሞ እኔ ልጋደም?»

«አራስ ለማን ትነሣለች?» አለች ሚስቱ።

እሱ ብዙ ሰው ያስታረቀ፣ ብዙ ክርክር የፈታ ሽማግሌ ነው፤ በዚህ ግን ተረታና ተመልሶ ተጋደመ።

በዚያን ጊዜ የባሏ የልጅነት ጓደኛ የሆነ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና ወደ መጋረጃው ጮኸ፦ «እንኳን ማርያም ማረችህ! ወንድ ነው ሴት?»

ትንሽ ቆየና ከውስጥ፣ «ዓይን ነው!» የሚል ድምፅ መጣ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሮጊቷ ጎረቤት ሆዷን ይዛ፣ «ታዲያ ለወንድ የሚባለውን ያህል እልል ልበል ወይስ ለሴት?» አለች። ሚስቲቱን በክርኗ ነካ አደረገቻትና፣ «አራሱ እሱ፣ ነብሯ አንቺ! ማን ይጠጋሻል እንግዲህ» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ሚስቲቱ ለማንም ምንም ማስተማር አላስፈለጋትም። አራስ መጠበቅን ሕፃኑም ያውቃል። ከፀሐይ የመጣ ሰው ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ደጅ ያርፋል። ጉንፋን የያዘው ከሩቅ ጠይቆ ይመለሳል። አራስን ብድግ በይ የሚል የለም፤ ሕፃኗንም ዓይኗ ላይ የሚስም የለም። አሮጊቷ ጎረቤት ምድጃውን አይታ «ጭስ ለዚህ አራስ አይሆንም» አለችና ወጡን ከቤቷ ማምጣት ጀመረች። ሌላዋ ውሃ ቀዳች። እጇን ታጥባ ያልመጣችውን ሴት ሌሎቹ ሴቶች ከበር ይመልሷታል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። በሰባተኛው ቀን የነፍስ አባታቸው መጡ። ከሩቅ ደብር በፀሐይ ተጉዘው ነው፤ በእጃቸውም ለዓይኑ ያሉትን ጠበል ይዘዋል። ሁሉም ሰው ተነሣ። ከመጋረጃው ኋላም የመደቡ ቁርበት ተንቋቋ። ለነፍስ አባቱማ እንዴት አይነሣም?

ሚስቲቱ ሰውን ሁሉ መልሳለች፤ ካህን ግን እንዴት ትመልሳለች? የዓለሙ ዓይን ሁሉ የተሰቀለው በዚያች በአንዲት ነጠላ ክር መሰላት። እጇን በመጋረጃው ሥር አሾልካ የባሏን ትከሻ ያዘች። ሰው ባለበት እንዲህ ነክታው አታውቅም። እሱም ዝም ብሎ ተኛላት።

«አባቴ» አለች። «አባቴ፣ ዓይኑ አራስ ነው። ጠበሉ ዓይኑን… ውሃ…»

ካህኑ መጋረጃውን ተመለከቱ፤ ከሥሩ የገባውን እጇንም ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ደጅ ወጡና ከድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ከፀሐይ ነው የመጣሁት፤ ትንሽ ልረፍ» አሉ። «ለእጄም ውሃ አምጡልኝ።»

አርፈው፣ ታጥበው ገቡ። መስቀሉን በመጋረጃው ላይ ዘርግተው ጸለዩ። ጠበሉን ለሚስቲቱ ሰጧትና፣ «ይጠጣው፤ ከውስጥ ያድነዋል። ዓይኑን የተማርሽበት እጅ ይጠብቀው፤ ለአንቺም እግዚአብሔር ነው ያስተማረሽ» አሏት። ወደ ውስጥም፣ «አንተም አትነሣ። ልብህ ከተነሣ ይበቃኛል» አሉት። ሰውየው ከውስጥ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰምታ ሚስቱ ደንግጣ ዘላ ገባች፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገችለት። «ልቅሶም ለአርባ ቀን ይቆይልኝ፣ አንተ ሰው» አለችው።

አርባ ቀን ሞላ። ዓይኑ አልቀላም፣ አላመመውም። ሐኪሞቹም አይተው «ድኗል» አሉት። በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ በበሩ ሲገባ ሚስቲቱ ነጠላውን ከገመዱ ልታወርድ መጣች። ጫፉን ይዛ ስትገልጠው ሰውየው ከፊቷ ይልቅ መጀመሪያ እጇን አየ። በቀን አራት ጊዜ፣ ለአርባ ቀን፣ በሳሙና ሲታሽ የኖረ እጅ ነው። ቆዳው ነጥቷል፤ መጋጠሚያው ሁሉ ተሰነጣጥቋል።

«እጅሽን ምን ነካው?» አላት።

«ሳሙና ነዋ።»

አርባ ቀን ለማንም ያልተነሣው ሰው ከመደቡ ብድግ አለ። ቀጥ ብሎ ቆመና፣ «ኖር!» አላት።

ሚስቲቱ ወደ ኋላዋ ዞራ ማን እንደ ገባ አየች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም። ከአርባ ዓመት በላይ አብራው ስትኖር ለሰው ሁሉ ሲነሣ አይታዋለች፤ ለእሷ ሲነሣ ግን የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ሲስተር ይመናሹ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙና ፊታቸውን ወደ ነጋዴው መለሱ።

«ልጄ፣ ትምህርቱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል አልከኝ። አባትህ ዛሬ ከዚህ ታመው የሚወጡ አይምሰልህ። አራስ ሆነው ነው የሚወጡት። እኛ አዋላጆች ነን፤ የአዋላጅ ሥራ የአንድ ሰዓት ነው፣ ከዚያ ትሄዳለች። አራሱን የሚጠብቀው የቤት እጅ ነው። የእኛ ቢላ የከፈተውን ዓይን ያልታጠበ እጅ ይዘጋዋል፤ ያውም በፍቅር እየጠረገ። ስለዚህ እኔ አሁን የማክመው የአባትህን ዓይን አይደለም፤ ቤትህን ነው።»

ብልቃጡን ከመዳፋቸው አላወጡትም።

«ለዚያ ለመጀመሪያው ልጅ የነገርኩት ነርስ ደግሞ እኔ ነበርኩ። እሱም እንዳንተ ቆሞ ነበር የሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበር ሳልስብ ለማንም አልናገርም።»

በነጋዴው ጣት ላይ ይሽከረከር የነበረው ቁልፍ ቆመ። ወንበሩን አየ፤ ሊቀመጥም ጎንበስ አለ። መልሶ ቀና አለ።

«ሲስተር» አለ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ቤት ጠብታውን የማደርግላቸው እኔ አይደለሁም። እኅቴ ናት።»

«የት ናት?»

«ውጭ። መኪናው ውስጥ… ዕቃ ጠብቂ ብያት ነው።»

ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወጣ። ሲስተር ይመናሹ በመስኮቱ ሲያዩት፣ እየሮጠ ግቢውን አቋረጠ፤ ሩጫው ግን የቅድሙ ዓይነት ጥድፊያ አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ከአንዲት ቀጭን ሴት ጋር ተመለሰ። ሴትየዋ በሩ ላይ ስትደርስ አፍራ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ቆመች።

ሲስተር ይመናሹ ከወንበራቸው ተነሡላት። ሁለተኛ ወንበር ሳቡና ሳሙናውን ከማስታጠቢያው አጠገብ አኖሩ።

«ኑ እንግዲህ፣ ሁለታችሁም» አሉ፤ «ከእጃችሁ እንጀምር።»